የአሮጌ ቤት ሽቦና የመርማሪው እጅ

በለንደን ጎዳናዎች ጎን ለጎን ተያይዘው የቆሙት የጡብ ቤቶች በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሲሠሩ የሚበራባቸው ጋዝና ሻማ ነበር። ኤሌክትሪክ የገባባቸው ኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜና በአንድ ባለሙያ እጅ አልገባም። አንዱ የወለሉን ጣውላ ነቅሎ ሽቦ ዘረጋ። ሌላው ከዓመታት በኋላ መጥቶ ጓዳው ውስጥ ሶኬት ጨመረ። ሦስተኛው ከጣሪያው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ መኝታ ቤት ሲያደርገው ከታች ካለው መስመር ቀጥሎ ወደ ላይ ወሰደ። በመጨረሻ ሁሉም ተለስኖ ቀለም ተቀባ። ዛሬ ቤቱን የሚከራየው ሰው የሚያየው ነጭ ግድግዳና የፕላስቲክ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው። ከልስኑ ጀርባ ያለውን፣ ግድግዳውን ሳያፈርስ፣ አውቆ መናገር ያለበት የኤሌክትሪክ መርማሪው ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ይህ ምርመራ በግል ቤት ለሚያከራዩ ሁሉ ግዴታ የሆነው በ2020 በወጣ ደንብ ነው (የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደንቡ ለአዲስ ኪራይ ከጁላይ 1 ቀን 2020፣ ለነባሩ ደግሞ ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተሠራበት። አከራዩ የቤቱን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ቢያንስ በ5 ዓመት አንድ ጊዜ ብቃት ባለው ሰው ያስመረምራል፤ የሪፖርቱን ቅጂ በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ ይሰጣል፤ ሪፖርቱ ይጠገን ያለውንም በ28 ቀን ውስጥ፣ መርማሪው ከዚያ ያጠረ ጊዜ ከሰጠም በዚያው ጊዜ ያስጠግናል። አዲስ ተከራይ ቅጂውን የሚቀበለው ቤቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ደንቡ ሲወጣ ያስቀመጠው ከፍተኛ ቅጣት 30 ሺህ ፓውንድ ነበር። በለንደን ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ተከራይ፣ ጥቂቶቹም አከራይ ስለሆኑ ኢአይሲአር የሚባለው ይህ የምርመራ ሪፖርት በሁለቱም ዘንድ ይታወቃል። የሚታወቀው ግን በፊርማው ነው፤ መጣ፣ ተፈረመ፣ ፋይል ውስጥ ገባ። ሥራው ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ጥቂት ነው። በደንብ ሲሠራ ደግሞ ቆሞ ማየት ያስደስታል።

እኔ ያየሁት ባለሙያ ሽቦ መዘርጋት የጀመረው አዲስ አበባ ነው፤ ለንደን ሲመጣ እንደገና ተምሮ እንደገና ተፈተነ። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ቤቱን ገዝተው ልጆቻቸውን አሳድገውበት አሁን ያከራዩታል። መርማሪው ገብቶ ቦርሳውን በር ላይ አስቀመጠና ምንም መሣሪያ ሳያወጣ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ከክፍል ወደ ክፍል ዞረ። አንድ ሶኬት አጠገብ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ አፍንጫውን አስጠጋ።

«ልጄ፣ ምን ታሸታለህ?» አሉ ባለቤቱ።

«ዓሣ፣ ጋሼ።»

«እዚህ ቤት ዓሣ ከተጠበሰ እኮ ቆየ።»

«ሳይጠበስ ሲሸት ነው የሚያሠጋው።»

ነገሩ እውነት ነው። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ከሚሠራባቸው የፕላስቲክ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ሲግል የሚያወጡት ሽታ ከበሰበሰ ዓሣ ሽታ ጋር አንድ ነው። የሚያግላቸው ብዙውን ጊዜ የላላ ብሎን ነው። የላላ ብሎን መብራት አያጠፋም፣ ፊውዝ አያቃጥልም፤ ማንቆርቆሪያው ይፈላል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፤ ሽቦውና ብሎኑ የሚገናኙባት ነጥብ ግን በየቀኑ እየሞቀች የሽቦውን ልባስ ታደርቃለች። እኛ በጥቅሉ ኮንታክት ከምንለው እሳት ብዙው እንዲህ ካለ ቦታ ይነሣል። መርማሪው ቴስተር ሳይነካ በዓይንና በአፍንጫ ያደረገው ይህ ዙር ሥራውን ወደ ግማሽ ያደርሰዋል። ከአልጋ ሥር የተዘረጋው ዲቫይደር ክፍሉ ሶኬት እንዳነሰው ነገረው። የአንዱ ሶኬት ብሎን ጎድጎዱ በግድግዳ ቀለም ተደፍኗል፤ ከቀለሙ ወዲህ ማንም አልከፈተውም ማለት ነው። ያለፈው ሪፖርት ሁሉም ሶኬት ተከፍቶ ታየ ይላል። መርማሪው አስተያየት አልሰጠም፤ ብሎኑን ፎቶ አንሥቶ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ።

ፊውዞቹ ያሉት ከደረጃው ሥር ነው። ጀርባው እንጨት የሆነ የድሮ ሰሌዳ፣ ላዩ ላይ ተነቅለው የሚወጡ ፊውዞች፣ በየፊውዙ ላይ ቀለም ያላት ነጥብ፤ ነጭ 5 አምፔር፣ ሰማያዊ 15፣ ቀይ 30። ስለ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሁለት ዓይነት መርማሪ ሁለት ዓይነት ነገር ይናገራል። አንዱ ገና ሲያየው «ኧረ ይሄማ አይሆንም!» ብሎ የአዲስ ሰሌዳ ዋጋ ይጠራል። ሌላው ፊውዙን ነቅሎ ውስጡ ያለችውን ቀጭን ሽቦ ያያል፤ በነጯ ነጥብ ቦታ የ5 አምፔር ሽቦ አለ ወይስ አንድ ቀን የተቃጠለበት ሰው ቸኩሎ ወፈር ያለ ነገር ጠምጥሞበታል? ሰሌዳው አርጅቶ በትክክል ሊሠራ ይችላል፤ በሁለት ሳንቲም ሽቦ ደግሞ ገዳይ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ የሽቦ ሥራ ደንብ፣ ቢኤስ 7671፣ ራሱ በመግቢያው ቀድሞ በወጣ ደንብ የተሠራ ዝርጋታ የአሁኑን ስላላሟላ ብቻ አደገኛ ነው ማለት እንዳልሆነ ይናገራል። ይህ ሐረግ ምክንያት አለው፤ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በ1882 ስለሆነ ተከታዮቹ እትሞች ሁሉ ከነሱ በፊት ከተሠሩ ቤቶች ጋር መኖር ነበረባቸው።

ፊውዙን ከመንቀሉ በፊት ያደረገው ነገር ላይ ልቆይ። ዋናውን ማጥፊያ አወረደ፣ ቆለፈው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቮልቴጅ መፈተሻውን አወጣና መጀመሪያ ያስጠጋው ወደ ሰሌዳው አልነበረም፤ በቦርሳው ይዟት ወደሚዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ምንጭ ነው። በራ። አሁን ሰሌዳው ላይ በፌዝና በኒውትራል መካከል፣ በፌዝና በግራውንድ መካከል፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል አስጠጋው። አልበራም። ከዚያ ወደ ትንሿ ምንጭ ተመልሶ እንደገና አስጠጋው። በራ። ሦስተኛዋ እርምጃ የምታስቀር ትመስላለች፤ ብዙ ሰውም ያስቀራታል። መፈተሻው ግን ልክ በሁለተኛው እርምጃ ላይ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ «አልበራም» ማለት «ኤሌክትሪክ የለም» ማለት አይሆንም። ጣቱን የሚያስገባው ሦስተኛዋ ከመሰከረች በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ከቆጣሪው ወደ ዋናው ማጥፊያ የሚመጡት ሁለት ወፋፍራም ሽቦዎች አልጠፉም፤ እጁ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር።

ሶኬቶቹ ሲከፈቱ የቤቱ ዘመናት በቀለም ተለይተው ወጡ። በእንግሊዝ ቤቶች እስከ 2004 ፌዝ ቀይ፣ ኒውትራል ጥቁር ነበር። ከዚያ ከተቀረው አውሮፓ ጋር ለመስማማት ፌዝ ቡናማ፣ ኒውትራል ሰማያዊ ሆነ፤ እስከ 2006 ድረስ ሁለቱም የተፈቀዱበት የመሸጋገሪያ ጊዜ ነበር። በአንድ ሳጥን ውስጥ ቀይ ከቡናማ፣ ጥቁር ከሰማያዊ ተጋብተው ቢገኙ ክፋት የለውም። ተንኮሉ ደረጃ ላይ ነው። ከላይም ከታችም የሚበራውን አምፖል ማብሪያዎች የሚያገናኘው ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ነው፤ የአዲሱ ገመድ ሦስት ቀለሞች ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ናቸው፤ ሦስቱም ኤሌክትሪክ ሊኖርባቸው ይችላል። ጥቁርን ኒውትራል ብሎ ያደገ ሰው እጁን የሚሰደው ወደዚያች ሽቦ ነው። የኛ መርማሪ ሳጥኑን ከከፈተ በኋላ በቀለም አላመነም፤ እያንዳንዷን ለካት።

አንድ ቦታ ላይ፣ የፊት ክፍሉ ኮርኒስ መሐል፣ ከሁሉም ያረጀውን አገኘ፤ መዳቡ በጎማ የተለበጠ ገመድ። ፕላስቲክ ልባስ ከመለመዱ በፊት የተሠራ ነው። ጎማው ደርቆ ጠቁሯል። እንዲህ ያለ ገመድ ካልነኩት ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ ትንሽ ካጠፉት ይፈረፈርና መዳቡ ራቁቱን ይቀራል። መርማሪው የአምፖሉን መያዣ ዝቅ ሊያደርግ የጀመረውን እጅ መሐል ላይ አቆመ። በመብራት አየው፣ ፎቶ አነሣው፣ በሁለት ጣት ወደነበረበት ገፋ አደረገው። እንዲያ ያለውን ሽቦ ጎትቶ «ይኸው ተበላሽቷል» ማለት ቀላል ነበር። የመረመሩትን ነገር ከመመርመሩ በፊት ከነበረበት ሁኔታ አለማባስ ከባዱ ክፍል ነው፤ በደንብ የሠራ ሰው የሄደበት ቦታ ምልክት አይተውም።

ቀጥሎ የሽቦውን ልባስ በኤሌክትሪክ መፈተን ነው። መሣሪያው በፌዝና በግራውንድ መካከል 500 ቮልት ይልካል፤ ቤቱ ከሚሠራበት 230 ቮልት በእጥፍ ይበልጣል። ልባሱ ደህና ከሆነ ምንም አያልፍም፤ ቁጥሩ በመቶዎች ሜጋኦም ይሆናል። ደንቡ የሚፈቅደው ዝቅተኛው 1 ሜጋኦም ነው። ይህ ፈተና ግን ግድ የለሽ እጅ ላይ ዕቃ ያጠፋል፤ የመብራት መቀነሻዎችና የኤልኢዲ አምፖሎች ውስጣቸው ስስ ነው። ስለዚህ ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ አሥሮ ሁለቱን ከግራውንድ ጋር ፈተናቸው፤ በዕቃው ውስጥ የሚያልፍ ነገር እንዳይኖር። የጠቅላላው ቤት ቁጥር ከአንድ በታች ወጣ። አልደነገጠም። መስመሮቹን አንድ በአንድ ከሰሌዳው እየለየ ለካ፤ አራቱ ደህና ናቸው፣ አምስተኛው ነው የወረደው። አምስተኛውን መስመር ከመሐሉ ለየው፤ ጥፋቱ በኋለኛው ግማሽ ነው። እንደገና ከመሐል። እንዲህ እየገመሰ ሄዶ ከጓሮ በር በላይ ያለች የውጭ መብራት ላይ ደረሰ፤ ክዳኗ ሲከፈት የዝናብ ውኃ ፈሰሰ። አዲስ ሽቦ ሊያስቀይር የነበረ ቁጥር በአንዲት አምፖል ቤት አለቀ።

አሁን ከሁሉም ይልቅ ወደወደድኩት ልምጣ።

የእንግሊዝ ቤት ሶኬቶች አሠራር ከኛ አገሩ ይለያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መዳብ እጥረት በነበረበት ጊዜ የተስፋፋ ዘዴ ነው፤ ከፊውዙ የወጣው ገመድ ሶኬቶቹን ሁሉ እየነካ እንደ መቀነት ቤቱን ዞሮ ወደዚያው ፊውዝ ይመለሳል። እያንዳንዱ ሶኬት ከግራም ከቀኝም ስለሚመገብ፣ በ30 ወይም በ32 አምፔር መከላከያ ሥር ቀጠን ያለ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይበቃል። በ1947 የወጣው ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ሶኬት የዚሁ ዘዴ አካል ነው፤ የግራውንዱ እግር ረዘም ያለው ቀድሞ ገብቶ የሌሎቹን ቀዳዳ መዝጊያ እንዲከፍት ነው። ያን ዘዴ ባጠናው ኮሚቴ ውስጥ ከነበሩት አንዷ ካሮላይን ሃስሌት የተባለች መሐንዲስ ስትሆን፣ ሕፃናት ጣታቸውን እንዳያስገቡ የሚለው ነገር የሷ ጉዳይ ነበር።

የዚህ መቀነት ችግሩ ሲበጠስ አለመናገሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሽቦው ቢላቀቅ ሁሉም ሶኬት በቀረው በኩል ይሠራል። ተከራዩ ስሞታ የለውም፣ አከራዩም አያውቅም። ሁለት መንገድ የነበረው ጭነት ግን በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ ፊውዙ የሚፈቅደውን ያህል ያ አንድ ቀጭን ገመድ ብቻውን የማይችልበት ብዙ ግድግዳ አለ። ይህን ጥፋት የሚያገኘው መለኪያ ብቻ ነው።

መርማሪው የመቀነቱን ሁለት ጫፎች ከሰሌዳው ፈታ። የፌዙን ጫፍ ከጫፍ ለካ፤ 0.44 ኦም። ኒውትራሉ፤ 0.44። ግራውንዱ ቀጠን ያለ፣ ባለ 1.5 ስለሆነ 0.73። የግራውንዱ ቁጥር ከፌዙ ስንት እጥፍ መሆን እንዳለበት ከመዳቡ ውፍረት ያውቃልና ፈገግ አለ፤ ይህን ቁጥር የሚሰጠው 60 ሜትር ያህል ገመድ ነው፤ ለቤቱ ስፋት የሚሆን ነው። ከዚያ የአንዱን ጫፍ ፌዝ ከሌላው ጫፍ ኒውትራል፣ የቀረውን ፌዝ ከቀረው ኒውትራል ጋር አቆላልፎ አሠራቸው። ይህን ሲያደርግ ሁለቱ ሽቦዎች ባንድ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ሆኑ። የዚህ ክብ ጠባይ ደስ ይላል፤ በየትኛውም ሶኬት ላይ ብትቆም ፌዙና ኒውትራሉ የተቀመጡት በክቡ ላይ ልክ ፊት ለፊት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስዱት ሁለቱ መንገዶች ምን ጊዜም እኩል ናቸው። ጠቅላላው 0.88፣ ግማሹ 0.44፣ ሁለት እኩል መንገድ ጎን ለጎን ሲሆን 0.22።

መለኪያውን ይዞ ዞረ። ሳሎን 0.22። ኮሪደር 0.22። ላይ ቤት መስኮቱ ሥር 0.22። ፊውዙ አጠገብ ያለውም ሶኬት፣ ከሁሉ የራቀውም ያው ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለ የማይታይ ክብ ሙሉ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚናገር ምስክር የለም። ጓዳው ጋ ሲደርስ 0.31 አነበበ። ቆመ፣ እንደገና ለካ፣ ያው ነው። ይህ ሶኬት መቀነቱ ላይ አይደለም፤ አንድ ሰው ኋላ ከሌላ ሶኬት ቀንጥቦ የጨመረው ቅርንጫፍ ነው። አንድ ቅርንጫፍ አይከለከልም፤ የት እንደሆነ ግን አሁን ታወቀ። የፌዝና ግራውንዱን ክብ እንዲሁ አቆላልፎ ሲዞር ቁጥሮቹ 0.29 አካባቢ ሆነው ትንሽ ትንሽ ይለያዩ ነበር፤ ሁለቱ ሽቦዎች ውፍረታቸው እኩል ስላልሆነ መለያየት አለባቸው።

ደረጃው ላይ ያገኘው ግን እንዲህ የሚያስደስት አልነበረም። ፎቅ ባላቸው አሮጌ ቤቶች ሁሉ የታወቀ ጥፋት ነው። የደረጃው አምፖል ፌዙን ከታችኛው ፎቅ የመብራት መስመር ወስዶ ኒውትራሉን ከላይኛው ይዋሳል፤ የጥንቱ ሠራተኛ ጥቂት ሜትር ሽቦ ቆጥቦበታል። አምፖሉ ለዓመታት በርቶ ጠፍቷል። አንድ ቀን ግን ሰው ላይ ቤት አምፖል መያዣ ሊቀይር የላይኛውን ፊውዝ ነቅሎ ኒውትራሉን ይፈታል፤ ታች ያለው ሌላ ሰው ደረጃውን ያበራል፤ የተፈታችው ሽቦ በአምፖሉ በኩል ኤሌክትሪክ ይዞባት እጁ ላይ ትቀራለች። ፊውዙን የነቀለው ሰው ምንም አላጠፋም። መርማሪው ሁለቱን መስመሮች ለይቶ ሲለካ ሊተዋወቁ የማይገባቸው ተገናኝተው ስላገኛቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የሁለቱን ማብሪያዎች ሥዕል በእርሳስ ሣለ። ሥዕሉን ለባለቤቱ አሳይቶ ሲያስረዳቸው፣ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ስንወጣ ስንወርድ!» አሉ።

ቁጥሩ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፍርድ ነው፤ ሙያውና ሕሊናው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሪፖርቱ ጥፋትን በደረጃ ይከፍላል። ሲ1 አሁኑኑ አደጋ አለ ማለት ነው፤ የተጋለጠ ሽቦ እጅ ሊነካው የሚችል ቦታ ላይ እንደ ማለት። ሲ2 አደጋ ሊሆን የሚችል ነው። ሲ3 ቢሻሻል ይመረጣል የሚል ምክር ነው። ኤፍአይ የሚባለው ደግሞ ያለ ተጨማሪ ምርመራ አይታወቅም ማለት ነው። ከሲ3 በቀር ሌሎቹ አንዷ እንኳ ብትገኝ ሪፖርቱ «አጥጋቢ አይደለም» ይሆናል። የድሮ የመብራት መስመር ግራውንድ ባይኖረው ምን ይባላል? የሽቦ ሥራ ደንቡ ለመብራት ግራውንድ የጠየቀው ከ1966 ወዲህ ስለሆነ እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ናቸው። የኛ መርማሪ አምፖል መያዣዎቹንና ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም ፕላስቲክ ቢሆኑ ሲ3 ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ግን አንድ የሚያምር የነሐስ መብራት ተሰቅሏል፤ ብረት ነውና ውስጡ ሽቦ ቢላቀቅ የሚነካው ሰው ራሱ ግራውንድ ይሆናል። ስለዚህ ሲ2። «መብራቱን በፕላስቲክ ይቀይሩት ወይም ግራውንድ ይዘርጋለት፤ ዋጋው የትየለሌ ልዩነት አለው፤ ምርጫው የርስዎ ነው» አላቸው። የእንጨቱን ሰሌዳ ፊውዞቹ ትክክለኛ ስለነበሩ ስለ ዕድሜው አልወቀሰውም። በጓሮ የሣር ማጨጃ የሚሰካበት ሶኬት በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ፣ አርሲዲ የሚባል መከላከያ ስለሌለው ግን ሲ2 ጻፈበት። የደረጃው ብድር ሲ2፤ የጎማው ገመድ ሲ2።

በዚህ ሙያ ሁለት ዓይነት ብልሹ ሥራ አለ። አንዱ በርካሽ መርምሮ በውድ የሚጠግን ነው፤ ሲ3ን ሲ2 እያደረገ ለራሱ ሥራ ይፈጥራል። ሌላው ቤቱን በቅጡ ሳያይ ሪፖርት የሚሞላ ነው። ሁለተኛውን ከቁጥሮቹ መለየት ይቻላል፤ የሁሉም መስመር ልባስ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ርዝመታቸው የሚለያይ መስመሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ተቃውሞ፣ የመቀነቱ ግራውንድ በየሶኬቱ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ እኩል። እውነተኛ ቤት እንዲህ አይለካም። ሌላው ምልክት «የምርመራው ወሰን» የሚለው ክፍል ነው። ሰነፍ መርማሪ ባዶ ይተወዋል። የኛ ሰው ከጣሪያ ሥር ያለው ክፍል በዕቃ ተሞልቶ ስለነበር የኋለኛውን ገመድ አላየሁም፣ የእንግዳ ክፍሉ ቁም ሣጥን ጀርባ ያለው ሶኬት አልተከፈተም ብሎ ቦታውን በስም ጻፈ። ያላየውን የሚጽፍ ሰው አየሁ ሲል ይታመናል።

ወረቀቱ የማይሸፍነውም አለ። ምርመራው በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ያለውን ቋሚ ዝርጋታ እንጂ በሶኬት የሚሰካውን ዕቃ አይመለከትም። በጁን 2017 72 ሰዎች ያለቁበት የግሬንፌል ታወር እሳት የተነሣው ከአራተኛ ፎቅ ጓዳ ውስጥ ከነበረ ፍሪጅ አካባቢ ነው፤ ከሞቱትና ቤታቸውን ካጡት ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩ። ሽቦው ልክ ነው የተባለበት ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ፍሪጅ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ያረጀ ዕቃ ያለው፣ አከራይም ይሁን ተከራይ፣ ለብቻው ያስፈትሸው።

ተከራይ ከሆኑ ሪፖርቱ የመጨረሻ ገጾቹን ይዞ ይምጣ ብለው ይጠይቁ፤ የመለኪያ ሠንጠረዡ ያለው እዚያ ነው፤ መብትዎም ነው። አከራይ ከሆኑ ደግሞ ስንት ያስከፍላል ከማለትዎ በፊት ስንት ሰዓት ይቆያል ብለው ይጠይቁ። ሦስት መኝታ ያለውን የቪክቶሪያ ዘመን ቤት በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ የሚልዎትን ሰው አይቅጠሩት።